እንደ ጅብራ ተገትሮ

«ፋዘር፣ ምን እንደ ጅብራ ይገተራሉ? ካዛንቺስ ከሆነ ይግቡ እንጂ!»

ረዳቱ ግማሽ አካሉን ከሚኒባሱ በር አውጥቶ ነው የሚጮኽብኝ። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ቆሜ ከግንቡ በላይ የሚታየውን ጽድ አንጋጥጬ ሳይ የታክሲውን መንገድ ዘግቼ ኖሯል። በእግሬ እንደምሄድ ነገርኩት። ነገሩ ስለከነከነኝም «ለመሆኑ ጅብራ አይተህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። አፍታ አሰበ። «ጅብራማ… ዝም ብሎ የሚቆም ነገር ነዋ!» አለና የሚኒባሱን ጣሪያ በመዳፉ ደብደብ አደረገ። ሄዱ።

አልተሳሳተም። እኔም ብሆን ተክሉን ሳላውቅ አባባሉን ብቻ ይዤ ነው ያደግሁት። እናቴ ዕቃ አምጣ ብላኝ በር ላይ ፈዝዤ ከቆምኩ፣ እንግዳ ገብቶ ወንበር ካልሳብኩ፣ «ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ» ትለኝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን አባባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ የማገኝ አይመስለኝም፤ ጅብራን በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። ቋንቋው ከደጋ ሲወርድ ስሙን ይዞ ከተማ ገባ፤ ተክሉ እዚያው ተራራው ላይ ቀረ።

ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ላይ ነው። ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፈን፣ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ አድረን ማለዳ ተነሳን። ጉሙ እጅ ሲዘረጋ እጅ አያሳይም። መሃሉ ላይ ጋቢውን የተከናነበ ረጅም ሰው ቆሟል። እጄን አንስቼ «እንደምን አደሩ» አልኩ። ዝም። ደገምኩለት። አሁንም ዝም። ጠጋ ብል ጅብራ ነው። አብሮኝ የነበረው የአገሬው ልጅ እስኪበቃው ሳቀብኝ።

ግንዱ የሰው ጭን ያህል ይወፍራል። አናቱ ላይ ረጃጅም ቅጠሎቹ በክብ በክብ ተደርድረው ትልቅ ጽጌ መስለዋል። ውጭ ውጭው ቅጠል ላይ የሌሊቱ ውርጭ ነጭ ዱቄት መስሎ ተጋግሯል። ጣቴን ወደ መሃል ሰደድኩ፤ እምቡጡ እርጥብና ለስላሳ ነው፣ በረዶ አልነካውም። እዚያ ከፍታ ላይ በጋና ክረምት የሚፈራረቁት በዓመት ሳይሆን በየቀኑ ነው፤ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ሌሊት ውሃው ይረጋል። ጅብራ ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እምቡጡን ይሸፍናል፣ ሲነጋ ይከፍታል። ይህን ለዓመታት ያደርጋል፣ አያብብም። አንድ ቀን ከመሃሉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ከሩቅ ሲታይ የቆመ ምሰሶ ይመስላል። የዚያን ጊዜ ማር የሚመጥጡ ትናንሽ ወፎች ይሻሙበታል። ደቃቅ ዘሩን ነፋስ ይበትነዋል፤ እሱ ራሱ ደርቆ ይወድቃል። ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ አበባ ነው የሚያጠራቅመው። እናቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ ለስድብ የምትጠቀምበት አይመስለኝም።

ደመራው ከተለኮሰ ሳምንት አልሞላውም። የዛሬው ጉዞዬ አጭር ነው፤ ከቂርቆስ በመሿለኪያ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ካዛንቺስ። አራት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን ሰሞኑን ያነበብኩት ነገር ጅብራን ከአእምሮዬ አላስወጣ ስላለኝ ከተማውን በእሱ ዓይን እያየሁ ነው የምሄደው።

መጀመሪያ ጽዱ። የከተማችን ዛፍ በአብዛኛው እንግዳ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሊያበቃ አካባቢ፣ ከአውስትራሊያ ዘሩ መጥቶ ማገዶ ያጣችውን ከተማ ከመነቀል አዳናት ይባላል። የአገሩን ዛፍ፣ ጽዱንና ወይራውን፣ ማየት የፈለገ ወደ አድባራት ግቢ ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቆረጥም፤ ሰው ሳያቅድ ያኖረው የዘር ማከማቻ ማለት ይህ ነው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በየዜናው ሲነገር፣ ሁሉም የጠየቀው ስንቱ ይጸድቃል ብሎ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር መጠየቅ እፈልግ ነበር፤ የማን ልጆች ናቸው? አንድ ችግኝ ጣቢያ ዘር የሚለቅመው ከየት ነው? መንገድ ዳር ካሉት፣ ለመልቀም ከሚመቹት ከሦስት ከአራት ዛፎች ከሆነ፣ አሥር ሺህ ጽድ ተተከለ ማለት አሥር ሺህ ወንድማማቾች ተተከሉ ማለት ነው። ድርቁ ወይም ተባዩ አንዱን ካሸነፈ ሁሉንም የሚያሸንፍበት ዕድል ሰፊ ነው። ጫካ ውስጥ ግን ከአንድ ዘር ዘለላ እንኳ አንዱ ሥሩን ጠለቅ ያደርጋል፣ አንዱ ቶሎ ይበቅላል፣ አንዱ ውርጭ ይችላል። ይህ መለያየት ነው ዘረ መል ውስጥ የተጻፈው። ክፉ ዘመን ሲመጣ ከመካከላቸው የሚተርፍ እንዲኖር የሚያደርገው እሱ ነው። በቁጥር ብዙ ሆኖ በዘር ድሃ መሆን ይቻላል፤ ይህን በሪፖርት ላይ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አላየሁም።

መሿለኪያ ጋ ስደርስ ፀሐዩ ከረር ብሏል። ባቡሩ ከላይ ያልፋል፣ ሰው ከሥር ይሾልካል። ብዙም የምለው የለኝም፤ ሁልጊዜ ቸኩዬ የማልፈው ሰፈር ስለሆነ ዛሬም ቸኩዬ አለፍኩት። ወደ ጎን ቢታጠፉ መስቀል ፍላወር ነው። ሰፈሩ የሚጠራው በአደይ አበባ የእንግሊዝኛ ስም መሆኑን ስንቱ ልብ እንዳለው እንጃ። አደዩ ራሱ ግን የሰፈር ስም አይጠብቅም፤ በአንድ የታጠረ ባዶ ቦታ ውስጥ፣ የፈረሰ ብሎኬት ክምር ላይ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቢጫ ሆኖ ወጥቷል። ቆርቆሮው ቀዳዳ አለውና አጎንብሼ አየሁት። አደይ የችኩል ተክል ነው፤ በክረምት ይበቅላል፣ መስከረም ላይ ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። ጅብራ አንድ ጊዜ እስኪያብብ አደይ ብዙ ትውልድ ተክቷል። ይህን ልዩነት ልብ ይሏል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት የድንጋይ መደገፊያ አግኝቼ ተቀመጥኩ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1961 ተመረቀ፤ ያነጹት ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ናቸው። በውስጡ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት የአፍሪካን ትላንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ገጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚህ ነው። ዛሬም በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ የአየር ንብረት ጉዳይ ያልተነሳበት ወር የሚያልፍ አይመስለኝም። አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ሰዎች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። በየወረቀቱ «መላመድ» የሚል ቃል አለ፤ የገበሬ መላመድ፣ የከተማ መላመድ፣ የገንዘብ ድጋፍ ለመላመድ። ጅብራ በስብሰባ አይወከልም።

ያነበብኩት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደሳለኝ ጫላ፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ስለዚሁ ስለ ተገተረው ተክል አንድ ጥናት አሳተመ። የሳይንስ ስሙ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ነው፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይበቅልም። አጥኚዎቹ ተክሉ ዛሬ የሚኖርበትን የአየር ጠባይ ለይተው፣ በሁለት የአየር ንብረት ሞዴልና በአራት የበካይ ጋዝ ልቀት ግምት ወደፊት የት መኖር እንደሚችል አሰሉ። ከየተራራው ያለውን የዘረ መል ልዩነትም ለኩ። ስሌቱን በየትኛውም መንገድ ቢሠሩት መልሱ አንድ ዓይነት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2080 ለጅብራ የሚስማማው መሬት በአማካይ አሁን ካለው 3.4 በመቶ ብቻ ይቀራል፤ እሱም በአራት ተራራ ጫፎች ላይ ተበጣጥሶ። ከዘረ መል ብዝኃነቱም 82 በመቶው ይጠፋል።

የመጀመሪያውን ቁጥር ማንም ይረዳዋል። ሙቀት ሲጨምር ተክል ወደ ላይ ይሸሻል። መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ዓለም በሁለት ዲግሪ ስትሞቅ ያው ብርድ የሚገኘው ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው። የአባቶቻችን የአየር ጠባይ ክፍፍል፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለው፣ መሰላል ነው፤ አሁን መሰላሉ ላይ ያለው ሁሉ አንድ እርከን ወደ ላይ እየወጣ ነው። ገብሱ ይወጣል፣ አስታው ይወጣል፣ ከብቱ ይወጣል። መጨረሻው እርከን ላይ ያለው የት ይውጣ? ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ባሌ ላይ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሁለተኛው ቁጥር ነው። የዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ ዓለም ቀዝቃዛ በነበረችበት ጊዜ፣ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር ነበር። የውርጭ ተክሎች ከዛሬው ብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብለው ሰፋፊ ደጋዎችን ይሸፍኑ ነበር። ዓለም ስትሞቅ ወደ ላይ ሸሹ፤ እያንዳንዱ ተራራ የየራሱን ጅብራ ይዞ ደሴት ሆነ። መካከላቸው ወይና ደጋና ቆላ፣ በሰሜንና በባሌ መካከል ደግሞ ስምጥ ሸለቆ አለ። ደቃቁ ዘር ነፋስ ቢወስደውም ያን ያህል አይሻገርም። ስለዚህ በብዙ የውርጭ ተክሎች ላይ እንደታየው፣ በአንድ ተራራ ያሉት እርስ በርስ ተቀራራቢ፣ ከሌላው ተራራ ካሉት ግን የተለዩ ሆኑ። ለዓይን አንድ ናቸው፤ በውስጣቸው የያዙት ግን ለየቅል ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ተራራ መጥፋቱ ከመቶ ጅብራ አሥሩ ቀነሰ ማለት አይደለም። ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው መጽሐፍ ተቃጠለ ማለት ነው።

ሞዴል ትንቢት አይደለም፤ ይህን ራሴን አስታውሳለሁ። ሞዴሉ ጅብራ ዛሬ የሚችለውን ብቻ ነገም ይችላል ብሎ ይነሳል። ከሺህ ዘሮች መካከል ሙቀቱን ትንሽ የሚታገሥ አንድ ቢኖርስ? የሱ ልጆች ቢበዙስ? መላመድ ማለት በመሠረቱ ይህ ነው፤ አንዱ ተክል ራሱን አይለውጥም፣ ትውልዱ ይለወጣል እንጂ። ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ መምረጫ እንዲኖር ልዩነት ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሊጠፋ ነው የተባለው ነገር ነው። ሁለተኛ ጊዜ ይፈልጋል። ቅድም አደይን ያነሳሁት ለዚህ ነበር። በየዓመቱ የሚዘራ ገብስ እስከ 2080 ድረስ ከሃምሳ በላይ ትውልድ ይተካል። ዕድሜውን ሙሉ አጠራቅሞ አንዴ የሚያብብ ተክል ስንት ትውልድ ይደርሰዋል? በጣት የሚቆጠር።

ዘሩን ለቅሞ ማስቀመጥ አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ይህች ከተማ ለዚያ ታሪክ አላት። በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዕፅዋት ዘር ማዕከል፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ የገብሱን፣ የማሽላውን፣ የጤፉን ዘር ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ ያኖራል። ከኢትዮጵያ የሄደ ገብስ ቢጫ ድንክ የሚባለውን ቫይረስ የሚቋቋም ዘረ መል ይዞ የካሊፎርኒያን ገብስ እንዳዳነ ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያወራው ነው። ግን ማዕከሉን የመሩት መላኩ ወረደ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት፣ ከሁሉ በላይ የደከሙት ከማቀዝቀዣው ውጭ ነው። ዘሩ በገበሬው ማሳ ላይ፣ በገበሬው እጅ እየተዘራ ይቆይ አሉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ዘር ተኝቷል፤ ውጭ ያለው አየር ግን አይተኛም። ሃምሳ ዓመት ተኝቶ የተነሳ ዘር የሚያውቀው ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበረውን ዓለም ነው። ማሳ ላይ ያለው ግን ከድርቁ ጋር፣ ከዝናቡ መዘግየት ጋር በየዓመቱ ይነጋገራል።

ጅብራን የሚዘራ ገበሬ የለም። ጓሳን ግን የመንዝ ሰዎች ለአራት መቶ ዓመት ገደማ በሥርዓት ጠብቀውታል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለዓመታት ዘግተው፣ ሲከፈት በአንድነት ያጭዱ ነበር። ጅብራውን ብለው አልነበረም። ሣሩን ሲጠብቁ ጅብራውም አብሮ ተጠበቀ።

ተነስቼ ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ።

ስሙ የጣሊያን ዘመን ቅሪት ነው። በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም ምሕፃሩ «ኢንቺስ» ነበር፤ የኢንቺስ ቤቶች፣ «ካዜ ኢንቺስ»፣ በአዲስ አበባ አፍ ተላምጦ ካዛንቺስ ሆነ። ጣሊያን ሄደ፤ ስሙ ተላመደ፣ ልጆችም ወለደ። ከጎኑ የቀበሌ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶች፣ አዝማሪ ቤቶች በቀሉበት። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ አብዛኛው ፈረሰ። አሁን መንገዱ ሰፊ ነው፤ የእግረኛው ንጣፍ አዲስ፣ የብስክሌት መስመር፣ ረድፍ የያዙ አምፖሎች፣ ገና ሥር ያልሰደዱ ተክሎች። አምሮበታል፤ አላማረበትም ማለት አይቻልም። የፈንድቃ አዝማሪ ቤት የነበረበትን ቅያስ ለማግኘት ግን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ «እዚያ ጋ ነበር» ብለው በከዘራቸው አየሩን አመለከቱኝ።

አንድ ሕንፃ ጥላ ሥር የጀበና ቡና አገኘሁ። አነስተኛ ረከቦት፣ ከሰል ምድጃ፣ ሦስት ዱካ፣ መሬቱ ላይ የጠወለገ ቄጠማ። ባለ ጀበናዋ አምሳ ያለፋት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ናት። ሲኒው ሥር ባለው ሰሐን ላይ የጤና አዳም ቅጠል ጣል አድርጋ ሰጠችኝ።

«ጤና አዳሙ ትኩስ ነው» አልኳት።

«የራሴ ነው ጋሼ። ከዚሁ ግቢዬ ነቅዬ በዘይት ቆርቆሮ ይዤው ሄድኩ።» ግቢዋ የት እንደነበር በአገጯ አሳየችኝ፤ የብስክሌቱ መስመር አካባቢ ነው። አሁን ገላን ጉራ ነው የምትኖረው። ጠዋት በሁለት ታክሲ ትመጣለች፣ ማታ በሁለት ትመለሳለች፤ ደንበኞቿ የሚያውቋት እዚህ ነውና። ዳማከሴዋንም ይዛ ነበር፤ እሱ ግን አልያዘላትም።

«ከጎረቤት አታገኚም?» አልኳት።

«እሱማ መንደሩ ሁሉ ዳማከሴ የወሰደው ከኔ ነበር። ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ አልሰጠሁም? የኔ ሲደርቅ የነሱም ደረቀ። አንድ ነገር ነው እኮ!»

በቅርንጫፍ የተተከለ ሁሉ የእናቱ ግልባጭ ነው፤ በዘረ መል ረገድ መንደሩ ሙሉ የነበረው አንድ ዳማከሴ ብቻ ነበር። ይህን በሳይንስ ቋንቋ ላስረዳት ዳድቶኝ ተውኩት። ከኔ ባጠረ ቃል ብላዋለችና።

ቡናው ራሱ የዚሁ ታሪክ ዘመድ ነው። ዓለም የሚጠጣው አረቢካ በአብዛኛው ከጥቂት ዛፎች የተባዛ ነው። ልዩነቱ የተከማቸው በእኛው ደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ውስጥ ነው። የቡና ዘር ደግሞ እንደ ገብስ ማቀዝቀዣ አይስማማውም፤ ጅማ አካባቢ ጮጬ ላይ ዛፉ ተተክሎ በሕይወት ነው የሚጠበቀው። ሰውን ከተክል ማወዳደር አልወድም። ገላን ጉራ የሄደ ሰው ስልክ ይደውላል፣ ታክሲ ይሳፈራል፣ ዕድሩን አፍርሶ ሌላ ዕድር ያቆማል። ቢሆንም አንድ ነገር አለ። ካዛንቺስ ውስጥ ማን ለማን ያበድር እንደነበር፣ የማን ልጅ በማን ቤት እንደሚበላ፣ ሌሊት ቢታመሙ ማን መኪና እንዳለው፣ ሰው በሰው ላይ ለሰባ ለሰማንያ ዓመት የሸመነው ነገር ነበር። ያ በዘይት ቆርቆሮ አይሄድም።

«አገርሽ የት ነው?» አልኳት።

«መንዝ። ወደ ጓሳው።»

ሳቄ አመለጠኝ። በጉሙ ውስጥ ለጅብራ ሰላምታ መስጠቴን ነገርኳት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «እኛ ልጅ ሆነን ስንት ጊዜ ሸሽተነዋል! ሽፍታ ነው ብለን!» አለች። ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ። «አባቴ ቤት ሲጠየቅ ‹ከጅብራው በታች› ነበር የሚባለው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሁን እኔን ሲጠይቁኝ ብሎክና ቁጥር ነው የምነግራቸው፤ እሱንም እረሳዋለሁ።»

መንገድ ላይ የሚሸጥ ቡና አቦል ብቻ ነው፤ ቶና አይጠየቅም። እሷ ግን ሲኒዬን ተቀብላ ደገመችልኝ። ገንዘቡን ሳወጣ እጇን አወዛወዘች፤ በኋላ ለሁለቱም ከፈልኩ፣ ተቆጣች፣ ተቀበለች።

«አሁንም አለ? ጅብራው?» አልኳት።

«እኔ ከሄድኩ ቆየሁ። እህቴ እዚያው ናት።» ስልኳን ከጡቷ ሥር አወጣች። ሰዓቱ ገና ረፋድ ስለሆነ ደንበኛ የለም። ስልኩ ብዙ ጊዜ ጠራ። ሲነሳ ሰላምታው ረጅም ነው፤ የልጆች ጤና፣ የከብት፣ የዝናብ፣ የማን ሰርግ፣ የማን ለቅሶ። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ እንደጀመረ ሰማሁ። ከዚያ ባለ ጀበናዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሚያሳፍር ነገር እንደምትጠይቅ ሆና፣ «ስሚኝማ፣ ያ ከአባባ ቤት በላይ ያለው ጅብራ አሁንም አለ?» አለች።

ከወዲያ ያለው ድምፅ ለአፍታ ጠፋ። ነፋስ ይሰማል፤ ሰፊ፣ ያልተቋረጠ ነፋስ። ከዚያ እህትየው ስትመልስ እኔም ጋ ድረስ ተሰማኝ።

«የቱ? የድሮው? እሱማ አብቦ ወደቀ እኮ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲያ ነው። ልጆቹ አሉ። እዚያ ግን አይደለም። ወደ ላይ፣ አፋፉ ጋ ናቸው፤ ከታች አሁን ድንች ነው።»

«ስንት ናቸው?» አለቻት ባለ ጀበናዋ። ለምን እንደጠየቀች አላውቅም፤ እኔ አላስጠየቅኳትም።

«ምኑን ብዬ ልቁጠረው?» አለች እህቷ፣ ሳቅ እያለች። «ወጥቼ ልይልሽ?»

«አይ ተይው፣ ብርድ ነው» አለቻት። ከሰሉን በማራገቢያው ቀሰቀሰችና የጀበናውን ክዳን ከፍታ ውስጡን አየች።